ያልነበረው የእንጨት በር

በሰፈሩ "ጋሽ ካርታ" ነው የሚባለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የጤና ጣቢያው መዝገብ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሥራው ብስክሌት መጠገን ነው። ሱቁ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መሃል ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን ከቆመባት ለሰው የሚተርፈው አንድ ክንድ አይሞላም። ከጣሪያው ላይ ቸርኬዎች ተንጠልጥለዋል። በግራ በኩል ብሎኖች በየመጠናቸው በባዶ ጣሳ ተለይተው ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ካርታ አለ። ጠርዙ በፕላስተር ተለጣጥፏል፤ መሃሉ ጣት ከመብዛቱ የተነሳ ነጥቷል። በላዩ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ክር በስፒል እየተወጠረ ከከተማ ከተማ፣ ከወንዝ ሐይቅ ይሄዳል። እያንዳንዱ ክር አንድ የብስክሌት ጉዞ ነው፤ የሦስት ቀን፣ የአምስት ቀን፣ አንዱማ የሃያ ሁለት ቀን።

ረጅም መንገድ የሚሄዱ ብስክሌተኞች ከመነሳታቸው በፊት እሱ ጋ ጎራ ይላሉ። ፍሬናቸውን ያያል፣ ሰንሰለታቸውን ይቀባል፣ ከዚያ ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ ካርታው ፊት ይቆማል።

"ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን እንዳትነኩ፤ ጠጠሩ ልቅ ነው" ይላል። "ከድልድዩ ማዶ ቢጫ ቤት አለ። ውሻው ይጮሃል እንጂ አይነክስም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከፊት ስለሆነ በጠዋት ተነሱ።"

የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። ሄደው የተመለሱት "እንዳሉን ነው ያገኘነው፤ ውሻው እንኳ አልቀረ" ይሉታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ የቸርኬውን ሽቦ፣ ራጂውን፣ ማጥበቁን ይቀጥላል፤ ሰው ትሕትና ይመስለው ነበር።

ጋሽ ካርታ ከእነዚያ መንገዶች በአንዱም ሄዶ አያውቅም።

የሚያውቀውን ሁሉ የለቀመው ከተመላሾች አፍ ነው። አንድ ሰው የጎበጠ ቸርኬ ይዞ ከጉዞ ሲመጣ ጋሽ ካርታ በርጩማ ይሰጠውና ሥራውን ሆን ብሎ ያንቀረፍፈዋል። "እና ከዚያስ?" ይለዋል። "ዳገቱ ስንት መታጠፊያ አለው? ዛፉ በግራ ነው በቀኝ?" ሰውዬው ለምን እንዲህ እንደሚጠየቅ አይገባውም፤ የሚያዳምጠው ሰው ማግኘቱ ግን ደስ ስለሚለው ያወራል። ጋሽ ካርታ የሰማውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ምሳ ላይ ዝም ካለ ሚስቱ "ዛሬ ደግሞ የት ደረስክ?" ትለዋለች። "ሐይቁ ጋ" ይላታል። እሷ ፊት ብቻ ነበር የማያፍረው።

እሷ ታውቃለች። ቤቷ ሆና የሆቴል አንሶላና ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ አፏ ግን እንደ ካውያዋ ነው፣ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። "ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት የተመላለስከው ቢደመር እኮ" ትለዋለች፣ "ይሄኔ ዓለምን ዞረህ ጨርሰህ እኔን ለሁለተኛ ጊዜ አግብተኸኝ ነበር።"

አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሯል። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ መፍቻና አንድ መለዋወጫ ጎማ ጭኖ፣ ጓደኞቹን "በሃያ ሁለት ቀን እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄዶ አንዲት ትንሽ ከተማ ደረሰና አልጋ ያዘ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲፈታ፣ በዚያች ከተማ ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው እንደሌለ ታወሰው። አላመመውም። የሰረቀው የለም። ጎማው እንኳ አልተነፈሰበትም። ፈራ፣ በቃ። በማግስቱ ብስክሌቱን የሲሚንቶ መኪና ላይ ጭኖ ተመለሰ፤ ሰው እንዳያየው ደግሞ ከከተማው ዳር ባለው የአክስቱ ቤት ሃያ ቀን ተደበቀ። የአክስቱን የዶሮ ቤት አድሶ፣ አጥሯን ቀብቶ፣ ፊቱ በጓሮ ፀሐይ ጠቁሮ ሲወጣ ጓደኞቹ አገኙት።

"እንዴት ነበር?" አሉት።

"ጥሩ ነበር" አለ።

ሁለት ቃል ናት። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ "ሄጃለሁ" ብሎ በአፉ አልተናገረም። ሌሎች ሲሉት ግን "አይደለም" አላለም።

ባለፈው ዓመት የከተማው ብስክሌተኞች ማኅበር አዲስ የአምስት ቀን መንገድ ሊከፍት አሰበ። ከከተማው ተነስቶ ሐይቁ ድረስ የሚዘልቅ፣ መኪና የማይበዛበት፣ ለእንግዳ ሰውም የሚሆን። መንገዱ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለፈለገ ሁሉ እንዲታደል ተስማሙ። "ማን ያውቀዋል?" ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ አንድ ስም ጠሩ።

ከከተማው እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን ጋሽ ካርታ ከአሥር ሰው ሰምቷል። ከአሸዋ ማውጫው እስከ ሐይቁ ያለውንም እንዲሁ። በወፍጮ ቤቱና በአሸዋ ማውጫው መሃል ያለውን ግን ማንም አልነገረውም፤ የሄደበት ስላልነበረ። ካርታው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ቦታ ናት። ክሩን ከአንዱ ስፒል ወደ ሌላው ወጠረና በማስመሪያ ለካው፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር መጣ። ሌሎቹንም የለካቸው እንዲሁ በክር ነበር፤ እነሱን ግን የሄዱ ሰዎች ወሬ አርሟቸዋል። ይህችን የሚያርማት አልተገኘም። ክር ደግሞ ዳገት አያውቅም፤ ገደል ላይ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው።

የመጀመሪያውን ጉዞ እንድትመራ የተመረጠችው አንዲት ነርስ ነበረች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ረጋ ያለች፣ ከመናገር መጻፍ የሚቀናት ልጅ ናት። ደብተሯን ይዛ ሱቁ መጣች፤ ቦታ ስላልነበረ አንድ እግሯን ደጅ አድርጋ ቆመች።

"ከወፍጮ ቤቱ በኋላስ ጋሼ?" አለችው።

"ጠፍጣፋ ነው" አለ። ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ ልበ ሙሉ መሆኑ ራሱን ገረመው።

"ውሃስ ብዙ እንያዝ?"

"አንዳንድ ኮዳ ይበቃችኋል። በአንድ ሰዓት ታልፉታላችሁ።"

"እንዳልስት ምልክት ነገር አለው?"

እዚህ ላይ "ምልክት የለውም" ቢል ይቻል ነበር። እሱ ግን "መሃል ላይ የእንጨት በር አለ" አላት። "የከብት በር ነው፣ በሽቦ የታሰረ። ሽቦውን ፈትታችሁ ግቡና መልሳችሁ ዝጉ፤ ባለቤቱ ይቆጣል። ከዚያ ወደ ግራ።"

በሩ በዓለም ላይ አለ። ነገር ግን የሌላ መንገድ በር ነው፤ አንድ ተመላሽ ስለ ሌላ ጉዞ ሲያወራ የሰማው። ለምን አንስቶ እዚያ እንዳቆመው ጋሽ ካርታ በኋላ ብዙ አሰበበት። ምናልባት "መልሳችሁ ዝጉ" ማለት ደስ ብሎት ይሆናል። እንዲህ የሚለው የሄደ ሰው ነዋ።

ነርሷ ጻፈችው። "ሽቦ" ከሚለው ቃል ሥርም አሰመረችበት።

ሰባት ሆነው ሄዱ። ከወፍጮ ቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዳለፉ መንገዱ ድንጋይ ሆነ፣ ቀጥሎ ዳገት ሆነ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ነርሷ በሩን አልፈነው ይሆናል ብላ መለሰቻቸው። እንደገና ወጡ፤ እንደገና መለሰቻቸው። ቁጥቋጦ ሁሉ በር መሰላት። አራት ሰዓት ያህል ሲንከራተቱ ውሃው አለቀ፤ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው፣ ሰውነቱም ደልደል ያለው ልብስ ሰፊ ፀሐይ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የአንድ ገበሬ ትራክተር ባያልፍ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ተኝቶ ታከመና ዳነ። ጉዞው ግን እዚያው ላይ ቀረ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር የሂሳብ መምህር ነው። በሳምንቱ ሱቁ መጣ።

"ጋሽ ካርታ፣ ልጅቷ ጉድ አደረገችን" አለ። "በሩን አለፈችው። አሁን እስቲ ሰው እንዴት በር ያህል ነገር ያልፈዋል? መርፌ አይደል።"

"ሰውዬውስ እንዴት ነው?"

"እሱማ ተነስቶ መቀለድ ጀምሯል። እሷን ግን ከመሪነት አንስተናታል። ቀጣዩን እኔው እመራለሁ። መንገዱ መቼም መንገድ ነው፤ እርስዎ የሄዱበት።"

መናገር የነበረበት ያኔ ነው። ጋሽ ካርታ አፉን ከፈተ። መምህሩም ለመስማት አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"ሰንሰለትህን ልቀባልህ?" አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታውን ማየት ተጸየፈ። ደንበኛ መንገድ ሲጠይቀው "ዓይኔ ዛሬ ደህና አይደለም" እያለ ያልፋል። ሌላው ቀርቶ ጫማ ሰፊው "ምነው ጋሽ ካርታ፣ ዛሬ መንገዱ ተዘጋ እንዴ?" ብሎ ሲቀልድበት የሚያውቅበት መሰለውና ላብ አጠመቀው።

ነርሷ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። ብስክሌቷ ጭቃ በጭቃ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ" አለች። "ሁለት ጊዜ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። በሩን ላገኘው አልቻልኩም።"

"ብቻሽን?"

"ለእናቴ ተረኛ ነኝ ብያት ነው። ካላገኘሁት አይወጣልኝም።" ደብተሯን ገለጠች፤ ሥፍራውን በእርሳስ በአራት ከፍላ፣ የፈለገችበትን ሁሉ ጭረት አድርጋበታለች። "የት ጋ ነው የሳትኩት?"

ጋሽ ካርታ ጭረቶቹን አያቸው። ብዙ ነበሩ።

"እንጨቱን ለማገዶ ነቅለውት ይሆናል" አላት።

"የምሰሶው ጉድጓድ እንኳ ይኖር ነበር እኮ።"

"ዝናብ ይደፍነዋል።"

እሷ ደብተሯን ዘጋች። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎማ ነግረውኝ ነበር። ሥራ ላይ እንዲህ አይደለሁም ጋሼ። መድኃኒት ተሳስቼ አላውቅም። አሁን ግን እጄን አላምነው አልኩ፤ አንዱን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ አንብቤ መልሼ ደግሞ ሌላ ሰው አስነብበዋለሁ።" ከዚያ "ስላደከምኩዎት ይቅርታ" ብላው ሄደች።

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ጋሽ ካርታ በእጁ የያዘውን መፍቻ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መስኮቱ ሥር ቆማ አንሶላ ትተኩስ ነበር። ቀና ብላ አየችው።

"ምን ሆነህ ነው? ፊትህ ካውያ ያላየው ሸሚዝ መስሏል።"

ነገራት፤ በሩን፣ ትራክተሩን፣ ጭረቶቹን፣ ማገዶውን። እሷ ሳታቋርጠው አንሶላውን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጠፈች።

"ለመሆኑ በሩን ማን ሠራው?" አለችው።

"እኔ።"

"ታዲያ አንተው ነህ የምታፈርሰው። ልጅቷ የሌለ በር በምን እጇ ታፍርሰው?"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰውማ ይላል። አሁን አንተን እንዳይል እሷን እያስባልካት ነው።"

"ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው" አላት።

"እኔን ነው የምትነግረኝ? አንድም ቀን ከቤት ውጭ አላደርክም። ለእኔስ ተመችቶኝ ነበር።" ይህን ስትል አልሳቀችም። ካውያውን አስቀመጠችና ሌላ አንሶላ አነሳች። "ቅዳሜ ስብሰባ አላችሁ አይደል? ነጩን ሸሚዝ አዘጋጅልሃለሁ።"

ስብሰባው የሚደረገው መምህሩ በሚያስተምርበት ክፍል ነው። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ሁሉም ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ይቀመጣል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ ክፍልፋይ አለ። መምህሩ ሊታተም የተዘጋጀውን የመጽሐፉን ረቂቅ ገጽ በገጽ አነበበ፤ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ነርሷ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ከጎኗ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

"ገጽ ስድስት" አለ መምህሩ። "ከወፍጮ ቤቱ እስከ አሸዋ ማውጫው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር። ጠፍጣፋ። መሃል ላይ በሽቦ የታሰረ የእንጨት በር። ጋሽ ካርታ፣ ይሄ እንዳለ ይታተም?"

"በር የለም" አለ ጋሽ ካርታ።

"ፈርሷል ማለትዎ ነው?"

መምህሩ በቅንነት ነው የጠየቀው፤ ለጋሽ ካርታ ግን መውጫ ቀዳዳ ነበረች። አያት። ሰፊ ናት፤ እሱና ነጩ ሸሚዙ ጠርዟን ሳይነኩ ያልፉባታል።

"አልፈረሰም። ድሮም አልነበረም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። እዚያ ሄጄ አላውቅም።"

"በዚያ በኩል?"

"በየትም በኩል።"

አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው። ስለ ሲሚንቶው መኪና፣ ስለ አክስቱ ቤት፣ ማንም ሳይጠይቀው ስለ ዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ሳይቀር ተናገረ። ሰዎቹ አንዱ ጠረጴዛውን፣ አንዱ ጥፍሩን ያይ ነበር። የሚያፍር ሰው ማየት እነሱንም ያሳፈራቸው ይመስል ነበር።

"ልጅቷ አልሳተችም" ብሎ ጨረሰ። "የነገርኳትን ነው የፈለገችው።"

መጀመሪያ የተናገረው ልብስ ሰፊው ነው። "እንግዲህ እኔ ፀሐይ ላይ ተዘርግቼ 'በሩ፣ በሩ' እያልኩ የቃዠሁት ለዚህ ነው? እኔ የገነት መስሎኝ።" ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ልብስ ሰፊውም ፈገግታው ጠፍቶ "ያ የሃያ ሁለት ቀኑስ?" አለ። "ለልጄ ያወራህለት? ልጄ እኮ ሁልጊዜ ያንን ነው የሚያወራው።"

"የሌላ ሰው ነው" አለ ጋሽ ካርታ።

ነርሷ ተነስታ ወጣች። ሊከተላት ፈለገ፤ ጉልበቱ ግን ከትንሿ ጠረጴዛ ሥር ተቀርቅሮ እምቢ አለው። ሰው ሁሉ እያየው ታገለ። መጨረሻ ላይ መምህሩ ጠረጴዛውን ብድግ አደረገለት።

ብስክሌቶቹ በተደገፉበት ግንብ ሥር አገኛት። ቁልፏን እየፈታች ነበር።

"ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ" አለች ሳታየው።

"አውቃለሁ ልጄ።"

"አያውቁም። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩትን አያውቁም።" ቁልፉን ፈታች። "ስመጣብዎት ለምን አልነገሩኝም? እሺ የመጀመሪያውን ልተው። ሁለተኛውን ነው የምልዎት።"

"አፈርኩ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ባሰብኝ።"

ያን ጊዜ አየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው፤ የታመመ ሰው ስታይ እንዲህ ሳታደርግ አትቀርም። "እሁድ በጠዋት እንደገና እሄዳለሁ" አለች። "እርስዎም ይመጣሉ።"

"እኔ እኮ አልችልም። ዳገት ልቤን..."

"ልብ ማየት ሥራዬ ነው" አለችና ሄደች።

እሁድ ሄዱ። እስከ ወፍጮ ቤቱ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ነርሷ ቀድማ ትሄድና በየዛፉ ሥር ትጠብቀዋለች፤ ሲደርስ ግን አታወራውም፤ ውሃ ሰጥታው ትቀጥላለች። ጋሽ ካርታ እንደዚያ ለፍቶ አያውቅም። ኮርቻው ቆረቆረው፤ የራሱ የፔዳል ድምፅ "ሲጥ፣ ሲጥ" እያለ አሳጣው፤ የሰው ብስክሌት ሲጠግን ኖሮ የራሱን ዘይት ረስቷል። ሁለቱን ዳገቶች ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ወጣቸው። አንድ አህያ የሚነዳ ገበሬ አልፎት ሄደ፤ አህያዋም ጭምር።

ከወፍጮ ቤቱ በኋላ መንገዱ ጥቂት እንደሄደ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ድንጋዩ ይወስዳል፤ ነርሷ በሦስቱም ጉዞዋ የወጣችበት ነው። ሌላው አጥር አጥሩን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። እሷ ቆመችና በልማድ ወደ ጋሽ ካርታ ዞረች፤ "በየት ነው?" ልትል አፏ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ትዝ አላትና እንዳታሳፍረው ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች። ከስብሰባው ሁሉ ይልቅ ይህ ወጋው።

ብስክሌቱን ሣሩ ላይ አጋደመ። አጥሩ አጠገብ አንዲት ሴትዮ ከበርሜል በባልዲ ውሃ እየቀዳች ሽንኩርት ታጠጣለች። ወደ እሷ ሄደ።

"ደህና ዋልሽ እናቴ። ይቅርታ፣ አላውቀውም መንገዱን። ወደ አሸዋ ማውጫው በየት ነው የሚኬደው?"

ሴትዮዋ ባልዲዋን አስቀምጣ ብስክሌቱን፣ ሰውዬውን፣ ላቡን በየተራ አየች። በእጇ እያመለከተች ነገረችው። እሱ ሁለቴ ጠይቆ አስደገማትና አመስግኖ ተመለሰ።

"በታችኛው ነው ትላለች" አለ ለነርሷ። "ወንዙን ይዞ ይዞራል። ሩቅ ነው ትላለች፤ ስንት እንደሆነ አላወቀችውም። ለብስክሌት ይሁን አይሁን አላየችም፤ እሷ በእግሯ ነው የምታውቀው።"

ነርሷ ደብተሯን አወጣችና ጻፈች። እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀችው።

"ሌላስ?"

ጋሽ ካርታ ወንዙን አየ። ማዶ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሥሩም ጥላ ያለው ይመስላል።

"ሌላ አልነገረችኝም" አለ።